ተስተካክሏል

የቀሚሱ ቁልፎች ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም ከኋላ፣ ከአንገት እስከ ወገብ የተደረደሩ። ይህን ቀሚስ የሰፋው ሰው፣ ሴት ልጅ ከጀርባዋ ቆሞ የሚቆልፍላት ዘመድ መቼም አታጣም ብሎ ሳይሆን አይቀርም። እትዬ በፋሻ የተጠቀለለ እጅ የሚያሳልፍ ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ ከዚህ ሌላ የላትም። ስለዚህ አምስት ሳምንት ሙሉ፣ በየማለዳው ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ ጸጉሯን በግራ እጇ ወደ ላይ ሰብስባ፣ አንገቷን ደፋ ታደርጋለች፤ የባሏ እህት ደግሞ ከኋላዋ ሆና ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ትቆልፍላታለች። ባልየው አንድ ቀን እኔ ልሞክር ብሎ ነበር። የአውቶብስ መሪ የለመዱ ወፋፍራም ጣቶቹ ሁለተኛውን ቁልፍ በሦስተኛው ቀዳዳ አስገብተውት ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ቀሚሷ ተንሻፎ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሳይቀድ ሹልክ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ የእጇን ነገር አንስቶ አያውቅም።

«እጅሽ እንዴት አደረ?» አለች የባሏ እህት አራተኛው ቁልፍ ላይ ስትደርስ።

«አሥራ ሁለት ነው» አለች እትዬ፤ ትከሻዋ በሳቅ ነቅነቅ አለ።

ይህ የላውንደሪው ቀልድ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት አንድ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ እትዬ ታች መተኮሻው ክፍል፣ የባሏ እህት ደግሞ ላይ ቢሮ ውስጥ መዝጋቢ ሆና። የምትይዘው መዝገብ የስጋት መዝገብ ይባላል። የሚያሰጋ ነገር ሲገኝ በቅጹ ላይ ሁለት ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዱ የመድረሱ ዕድል፣ ሌላው የሚያደርሰው ጉዳት፣ ሁለቱም ከአንድ እስከ አምስት። ሁለቱ ይባዛሉ። ውጤቱ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ማሽኑ ይቆማል፤ ሥራ አስኪያጇ ራሳቸው ወርደው አይተው እስኪፈርሙ ድረስ ማንም አይነካውም። ከአሥራ አምስት በታች ከሆነ ግን «በክትትል ላይ» ተብሎ ይጻፍና ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል። ማሽን የማያስቆም፣ ግን ደግሞ ነገሩን በቁም ነገር ያየነው የሚያስመስል ቁጥር ቢፈለግ ሦስት ጊዜ አራትን የሚያህል የለም። ስለዚህ የሚያንጠባጥበው የእንፋሎት ቧንቧ አሥራ ሁለት ነው። የተላጠው የኤሌክትሪክ ሽቦ አሥራ ሁለት ነው። ከውጭ የሚቆለፈው የአደጋ ጊዜ በር አሥራ ሁለት ነው። ሠራተኛው ይህን ካወቀ በኋላ ቃሉን ለራሱ ወሰደው፤ ሻዩ እንዴት ነው ሲባል አሥራ ሁለት፣ አማትሽስ ሲባል አሥራ ሁለት፣ ኑሮስ ሲባልማ ከአሥራ ሁለት ሌላ መልስ ጠፋ። መዝጋቢዋንም ወይዘሪት አሥራ ሁለት አሏት። መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር።

አሁን አትስቅም። እትዬ ቀልዱን ወደ ቤት ይዛው ስትገባ፣ ከዚያች በፋሻ ከተጠቀለለች እጅ ላይ ስትለጥፈው፣ የመዝጋቢዋ ጣቶች አንዳፍታ ቁልፉ ላይ ይቆማሉ። እትዬ ከኋላዋ ያለውን ፊት አታይም። ለዚህም ነው መዝጋቢዋ ያንን ቀሚስ በልቧ የምታመሰግነው።

«አደጋዬን የሚያየው ኮሚቴ ስንት ሰዓት ነው?» አለች እትዬ።

«ስምንት ሰዓት።»

«የኔ ጥፋት ነው ካሉ አለቀልኝ ማለት ነው።» ይህን ያለችው ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ ነው። ሐኪሙ በዚህ ወር ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት ሁለቱ ጣቶቿ እንደታጠፉ እንደሚቀሩ ነግሯታል። ሕክምናውን የሚችለው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ አደጋው በራሷ ጥፋት የደረሰ ነው ከተባለ ግን ሕክምናውም ሥራዋም በአንድ ቀን ያበቃሉ። «ግድ የለም፣ አንቺ እዚያ ትኖሪያለሽ። ደህና ነገር ትናገሪልኛለሽ።»

መዝጋቢዋ ስድስተኛውን ቁልፍ ቆለፈች። «እሺ እትዬ» አለች፤ ሻዩንም ሳትጨርስ ወጣች።

ከቤቱ እስከ ላውንደሪው በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በመንገዱ ላይ አንድ ፋርማሲ አለ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ፋሻ ስለገዛችበት ፋርማሲስቱ ገና ከሩቅ ሲያያት መደርደሪያው ላይ እጁን ይሰዳል። ፋሻው በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዋጋው ጨምሯል፤ ሲነግራት ሁልጊዜ ጣሪያውን እያየ ነው፣ ዋጋው ከዚያ የሚወርድ ይመስል። ዛሬ ሳትገባ አለፈችው። እንዲህ የሚያጣድፋት ነገር አልነበረም፤ ብትቆም ግን ማሰብ ሊመጣ ነው።

የላውንደሪው ግቢ ከሩቅ በጠረኑ ይታወቃል፤ የእርጥብ ጥጥ፣ የሳሙናና የትኩስ ብረት ሽታ። ወደ ቢሮ የሚያወጣው ደረጃ ያለው በመተኮሻው ክፍል በኩል ስለሆነ በየጠዋቱ በትልቁ መተኮሻ አጠገብ ታልፋለች። ትልቁ መተኮሻ የአልጋ ስፋት ያህል ርዝመት ያለው የጋለ ሲሊንደር ነው። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው የእርጥቡን አንሶላ ጫፍ ያጎርሱታል፤ እሱ ደግሞ ስቦ ውጦ በወዲያኛው በኩል ደረቅና ለስላሳ አድርጎ ይተፋዋል። ከአፉ ፊት ለፊት ቀጭን ዘንግ አለች። ጣት ከነካት ሲሊንደሩ በዚያች ቅጽበት እንዲቆም ነው የተሠራችው። ሆኖም አንዳንድ ቀን ወዲያው ትነቃለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አንድ፣ ሁለት እስኪቆጠር ትቆያለች። ሴቶቹ እንቅልፋሟ ይሏታል። እንቅልፋሟ በተኛችበት በአንዱ ቀን ነው የእትዬ ቀኝ እጅ ከአንሶላው ጫፍ ጋር የገባው።

ዛሬ በእትዬ ቦታ አዲስ ልጅ ቆማለች። ዕድሜዋ ከሃያ ቢያልፍ በጥቂት ነው፤ ሥራ ያገኘ ሰው ደስታ ገና ከፊቷ አልጠፋም። የሹራቧ እጅጌ እስከ መዳፏ ድረስ ወርዷል።

«እጅጌሽን ሰብስቢው» አለቻት መዝጋቢዋ በጫጫታው መሐል ጮክ ብላ።

«ነግረውኛል!» አለች ልጅቷ እየሳቀች፤ እጅጌዋን ሽቅብ ሳብ አደረገችው። «እንቅልፋም ናት፣ ተጠንቀቂ ብለውኛል።» እጅጌው መልሶ ወረደ።

መዝጋቢዋ ደረጃውን ስትወጣ ይህንኑ ነገር ታመነዥከዋለች። ትናንት የተቀጠረችው ልጅ ታውቃለች። ሳሙና የሚያወርዱት ወዛደሮች ያውቃሉ። ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል። እዚህ ግቢ ውስጥ የማያውቀው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን እንዳያውቅ ያደረገችው እሷ ናት።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ወር በፊት ነበር። መካኒኩ፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ብሎን የሚላቸው ሽማግሌ፣ በእርሳስ የተሞላ ቅጽ ይዘው መጡ። ዕድል አራት፣ ጉዳት አምስት፣ ብዜት ሃያ። ከሥሩ «ዘንጓ ትዘገያለች። አንድ ቀን እጅ ትበላለች» ብለው ጽፈዋል። የሥራ ኃላፊው ቅጹን አይቶ ጸጉሩን አከከ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሠራተኛ ልጅ ሲታመም የራሱን መኪና የሚያውስ ሰው ነው። «ሃያ ካልን ማሽኑ ሊቆም ነው» አላት። «ሦስት ሆስፒታል አንሶላ እየጠበቀ፣ አዲሷ ሥራ አስኪያጅም ገና በመጡበት ወር... እስቲ ትንሽ አስተካክይው።» እሷም አራቱን ሦስት፣ አምስቱን አራት አደረገችው፤ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገልብጣ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ቁጥሩ ዝቅ ሲል አደጋውም አብሮ ዝቅ ያለ ነበር የመሰላት። የጋሽ ብሎንን የእርሳስ ወረቀት ግን አልቀደደችውም፤ መሳቢያዋ ውስጥ ከፖስታዎቹ ሥር ከተተችው። ለምን እንዳልቀደደችው ራሷም አታውቅም።

ዛሬ ኃላፊው ገና ከመቀመጧ ብቅ አለ። በአንድ እጁ የቅባት መድኃኒት፣ በሌላው የተጻፈ ወረቀት ይዟል። «ይቺን ለእትዬ ስጫት፤ ለጠባሳ ጥሩ ነው አሉ» ብሎ ቅባቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱን ግን አላስቀመጠውም፣ ዘረጋላት። «የአደጋው ሪፖርት ነው፤ ለስምንት ሰዓት ተይቢልኝ።» ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የጉዳቱ ዓይነት ሁሉ በቦታው አለ። ከታች «የአደጋው መንስኤ» በሚለው መስመር ላይ «የሠራተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። ኮሚቴው ገና አልተቀመጠም፤ መደምደሚያው ግን ቀድሞ ደርሶ ቦታውን ይዟል።

«ይህን... እኔ ልተይበው?»

«ሌላ ማን ይተይበዋል?» አለ፤ ከዚያ የምታስበው የገባው መሰለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም አልወደድኩትም እኮ። ግን መዝገቡ ማሽኑ በክትትል ላይ ነበር ይላል። ማሽኑ ጥፋት ከሌለበት ጥፋቱ የት ሊሄድ ነው? የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት።» ይህን ብሎ ወጣ። እውነቱን ነበር። መዝገቡን አምኖ ለተነሳ ሰው ጥፋቱ ከእትዬ ራስ በቀር የሚያርፍበት ቦታ አልነበረውም።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተየበች። አንዲት ገጽ ናት፤ በአሥር ደቂቃ የምታልቅ። የማሽኑን ቁጥር ጻፈች፣ የፈረቃውን ሰዓት ጻፈች፣ የወንድሟን ሚስት ሙሉ ስም ከነአባቷ ጻፈች። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ተነስታ ውኃ ጠጣች። ተመልሳ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ወርቃማ ጠርዝ ያለው የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ «አሥራ አምስት ያልደረሰበት ክፍል» ይላል፣ ለመተኮሻው ክፍል፣ ለስምንት ተከታታይ ወራት። ሠራተኛው ለዚህ ሽልማት በየወሩ ሳሙናና ጥቂት ጉርሻ ያገኛል። እትዬም ሳሙናውን ወደ ቤት ታመጣው ነበር።

ለምሳ ስትወርድ ጋሽ ብሎን ከደረጃው ሥር፣ በተገለበጠ የሳሙና ሣጥን ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ ያርሳሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው አጠገባቸው ያለውን ሣጥን ጠጋ አደረጉላት።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብዙ ቀን አስቤበት ተውኩት። ያኔ ቅጹን ባመጣሁ በሳምንቱ፣ እዚሁ ደረጃ ላይ፣ ያ ነገር ተስተካከለ ወይ ብዬ ስጠይቅሽ ተስተካክሏል አላልሽኝም?»

አስታወሰችው። እየተጣደፈች ነበር፤ ፋይል ታቅፋ፣ ፈገግ ብላ፣ «ተስተካክሏል ጋሽ ብሎን!» ብላቸው ነበር ያለፈችው።

«ምኑ ነበር የተስተካከለው?» አሉ ሽማግሌው። ቁጣ አልነበረበትም፤ የጠፋባቸውን ብሎን የሚፈልጉ ነበር የሚመስሉት። «እኔ እኮ ዕቃው ታዘዘ ማለቷ ነው ብዬ፣ እሰይ ብዬ ጭቅጭቄን ተውኩ። ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እያልኩ ስጠብቅ... እንዲህ ሆነ።»

የተስተካከለው ቁጥሩ ነው ብትላቸው ምን ይሉ ይሆን? አንድ ቃል ነው፤ እሳቸው ዘንድ ማስተካከል ማለት መፍታት፣ ማጽዳት፣ ማጥበቅ ነው፤ ላይ ቢሮ ግን ላጲስና ብዕር ነው። ጋሽ ብሎን ፊቷን ትንሽ አዩና ዳቧቸውን ወደ ሻዩ መለሱ። የገባቸው ይመስላል። ለዚህ ይሆናል ሁለተኛ ያልጠየቋት።

ወደ ቢሮዋ ተመልሳ መሳቢያውን ከፈተች። ወረቀቱ ከፖስታዎቹ ሥር አለ፤ እርሳሱ ትንሽ ደብዝዟል፤ ሃያው ግን ይነበባል። ከዚያ ሪፖርቱን እንዳለ አተመችው። የመንስኤውን መስመር ባዶ ተወችው።

ስምንት ሰዓት ላይ አራት ሰዎች በረዥሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ሥራ አስኪያጇ፣ ኃላፊው፣ ጋሽ ብሎንና እሷ። ጋሽ ብሎን ወንበሩን እንዳያቆሽሹ ሥሩ ጋዜጣ አንጥፈዋል። ሥራ አስኪያጇ ከመጡ ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ መነጽራቸውን ጸጉራቸው ላይ ሰክተው የሚፈልጉ፣ ቶሎ የማይናገሩ ሴት ናቸው። የስጋት መዝገቡ ፊታቸው ተከፍቷል። የስብሰባው ሁለተኛ ጉዳይ ይኸው መዝገብ ነበር፤ በኮምፒዩተር ይሁን፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ይግባበት የሚል ሐሳብ ቀርቧል።

ሪፖርቱን አነበቡ፤ ከታች ሲደርሱ ቆሙ። «መንስኤው ባዶ ነው።»

«ረስታው ነው» አለ ኃላፊው ቶሎ ብሎ። «የጥንቃቄ ጉድለት ነው የሚለው።»

«አልረሳሁትም» አለች መዝጋቢዋ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በጣቷ ገፋ አደረገችው። «ይህ ጋሽ ብሎን መጀመሪያ የሞሉት ቅጽ ነው። ሃያ ነበር። መዝገቡ ላይ አሥራ ሁለት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ መቆም ነበረበት፤ ያልቆመው በእኔ ብዕር ነው።»

ከታች የሲሊንደሩ ድምፅ ይሰማል። ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን ከጸጉራቸው አውርደው አደረጉና ወረቀቱን ከመዝገቡ ጎን አስቀመጡት። ካንዱ ወደ ሌላው ተመላለሱ። ጋሽ ብሎን ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ማን ቀይሪው አለሽ?»

ኃላፊው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። መዝጋቢዋ ገና አፏን ሳትከፍት፣ «እኔ ቀይሪው አላልኩም» አለ። «አስተካክይው ነው ያልኩት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጇ። ለማፋጠጥ አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ ፈልገው ነበር። ኃላፊው መልስ ፍለጋ ጠረጴዛውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ በመጨረሻ ጋሽ ብሎንን አየ። «የለውም መሰለኝ» አለ ቆይቶ፤ ከዚያ በኋላ ትከሻው ወረደ።

ሥራ አስኪያጇ መዝገቡን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመሩ። ገጽ በገጽ ጣታቸው በቁጥሮቹ ዓምድ ላይ ይወርዳል። አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት። ዘጠኝ። አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት። «እነዚህስ?»

«እነዚህማ ማን ያውቃል» አለች መዝጋቢዋ። አንዴ ከጀመሩ ማቆሙ ከመጀመሩ ይከብዳል። «ከነዚህ ውስጥ በእውነት አሥራ ሁለት የሆነ ይኖራል። ሃያም ይኖራል። ለይቶ የሚያውቀው ታች ያለው ሰው ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሁሉም አንድ መልክ ይይዛል። እዚህ ቤት አሥራ ሁለት ማለት አትጠይቁን ማለት ነው። አሥራ አምስት ያለ ክፍል ሽልማቱን ያጣል፣ ሥራው ይቆምበታል፣ ሁሉም ይቆጣዋል። ቀለም ቢገባበትም ያው ነው፤ ሁሉም ነገር ቢጫ ይሆናል እንጂ።»

ሥራ አስኪያጇ መዝገቡን ዘጉ። «ያንን የምስክር ወረቀት እኔም ሦስቴ ፈርሜበታለሁ» አሉ። «አንሶላ ስንት እንደታጠበ እንጂ፣ ማን ምን ብሎ እንደተቆጣ አልጠየቅኩም። ዝምታውን ደህንነት ነው ብዬ ስሸልም ነበር የከረምኩት።» ይህን ሲሉ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቀና አሉ። «ምን ይሁን ነው የምትይው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትጠብቅ አልኖረችም። ታች ያለችው ልጅ እጅጌ መጣባት። «መጀመሪያ ማሽኑ ይቁም። ዛሬ፣ አሁን። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

«የነገው የሆስፒታል አንሶላስ?» አለ ኃላፊው፤ ጥያቄው ከልቡ ነበር፤ አንሶላ የሚጠብቁትም ሰዎች ናቸው። ጋሽ ብሎን ናቸው የመለሱለት። ሁለቱ ትንንሽ መተኮሻዎች ሌት ተቀን ሳይባል በፈረቃ ቢሠሩ ግማሹን ያደርሳሉ፤ ቀሪውን ጎረቤት ላውንደሪ ይወስደዋል፤ ይህን ከሁለት ወር በፊትም ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር አሉ። ሥራ አስኪያጇ ብዕራቸውን አንስተው ባዶው መስመር ላይ በገዛ እጃቸው «ታውቆ የተተወ ብልሽት» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ቁጥሩን ከእንግዲህ ማሽኑ ፊት የሚቆሙት ራሳቸው በጠመኔ ማሽኑ ላይ ይጻፉት፣ ሊቀንስ የሚፈልግ ሁሉ ወርዶ እነሱ ፊት ይቀንስ አሉ። ከዚያ ወደ መዝጋቢዋ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ መዝገቡን አስረክቢ። የሁለታችሁንም ጉዳይ ሰኞ እናየዋለን። ይህን ሳላደርግ ብቀር እኔም አስተካከልኩ ማለት ነው።» እሺ አለች። ቅር አላላትም።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትልቁ መተኮሻ ቆመ። ከደረጃው ላይ ሆና አየችው። ሁልጊዜ የሚሰማው ድምፅ ሲቋረጥ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ፤ የገዛ ድምፃቸው የሰፋባቸው ይመስል ሹክሹክታ ጀመሩ። ጋሽ ብሎን ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው በሲሊንደሩ መሸፈኛ ላይ፣ የቤት ቁጥር በሚያህል ትልቅ አሃዝ ሃያ ብለው ጻፉ። አዲሲቱ ልጅ ሥራዋ የቀረባት መስሏት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አንዷ ሴትዮ እጅጌዋን እየሰበሰበችላት አንድ ነገር ነገረቻት።

እትዬ ቤት ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ላይ ሆና በግራ እጇ ስሟን መጻፍ ትለማመዳለች። የማስታወሻ ደብተሩ ገጽ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ የጻፈው ይመስላል። መዝጋቢዋን ስታይ ብዕሩን አስቀመጠች፤ አልጠየቀችም፣ ፊቷን ብቻ ታነብ ጀመር።

«ያንቺ ጥፋት አይደለም ተብሏል» አለች መዝጋቢዋ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። «ሕክምናው ይቀጥላል። ሥራሽም አለ። ሥራ አስኪያጇ በእጃቸው ጽፈው ፈረሙ።»

እትዬ በደህናው እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ተነስታ አቀፈቻት፤ ያቺ የተጠቀለለች እጅ በሁለቱ መካከል እንዳትጨፈለቅ ወደ ጎን ዘርግታ፣ አንገቷ ላይ ተደፍታ፣ «እኔ እኮ ብያለሁ! አንቺ እያለሽ ብያለሁ!» እያለች አለቀሰች። መዝጋቢዋ እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ዜናው እውነት ነው፣ ደስታው እውነት ነው፣ ማንም ከዚህ ወዲያ የሚጠይቃት የለም። ሰኞ የሚመጣውንም ሌላ ምክንያት ሰጥታ ታልፈው ይሆናል። ይህም አንድ ዓይነት አሥራ ሁለት ነው ብላ አሰበች፤ ያ ሐሳብ ነው ከእትዬ ክንድ ያወጣት።

«ተቀመጪ እትዬ» አለች። ነገረቻት። ስለ እርሳሱ ወረቀት፣ ስለ አራቱና ስለ አምስቱ፣ ስለ ሁለቱ ደቂቃ፣ ደረጃው ላይ ለጋሽ ብሎን ስላለቻቸው ቃል። ኃላፊው አስተካክይ እንዳላት ተናገረች፤ ብዕሩ ግን የራሷ እንደነበር ደግሞ ሁለት ጊዜ ተናገረች። እትዬ አላቋረጠቻትም። ውጭ አንድ ሰው በር አንኳኩቶ የጎረቤት ስም ጠርቶ ሄደ። ሻይ ማፍያው ሳይጣድ እንደተቀመጠ ነው።

«ጋሽ ብሎን ጉዳዩ ተስተካክሏል አሉን» አለች እትዬ በመጨረሻ፤ ዓይኗ ደብተሩ ላይ ነው። «ካፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ማሽኑ ተስተካክሏል ሆነ። ከዚያ በፊት እኮ የአንሶላውን ጫፍ በጠፍጣፋ እንጨት ነበር የምናጎርሰው። ሥራ ያዘገያል። ተስተካክሏል ሲባል እንጨቱን ወረወርኩት።»

ይህን መዝጋቢዋ አታውቅም ነበር። ስለ እንጨቱ በየትኛውም ቅጽ ላይ የጻፈ ሰው የለም። ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ለዚህ ነገር ስላነሰባት መልሳ ዘጋችው። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን እየቀላ ሄደ። ከዚያ አምስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ የጠየቀችውን ጥያቄ ጠየቀች።

«እጅሽ እንዴት ነው?»

እትዬ ቀና ብላ አየቻት። በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ ቁልፉ ከኋላ በመሆኑ፣ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ተያይተው ሲነጋገሩበት የመጀመሪያቸው ነው።

«ሃያ ነው» አለቻት። «ሌሊት አያስተኛኝም። ሳህን ማንሳት አልችልም። ባሌ እንዳያይብኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ሃያ ነው።»

መዝጋቢዋ አይዞሽ አላለችም፤ ይሻልሻልም አላለችም። ሰማች፤ እንደተነገራትም ያዘችው። እትዬ ተነሳችና ጀርባዋን ሰጠቻት። አለቀ፣ ከእንግዲህ ዓይኔን ማየት አትፈልግም ብላ መዝጋቢዋ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ቆይቶ ነው እትዬ በግራ እጇ ጸጉሯን ወደ ላይ መሰብሰቧን፣ አንገቷንም ደፋ ማድረጓን ያየችው። ምሽት ሊሆን ነው፤ ቀሚሱ መውለቅ አለበት።

ተጠጋችና ከላይኛው ቁልፍ ጀመረች።